የነፋስ ሥራ

ሰማዩ አልጨልም አለ። ፀሐይዋስ ገብታለች፤ ብርሃኗን ግን ረስታው ሄዳለች፤ እኩለ ሌሊት አልፎም መስኮቱ እንደ ነጋ ሁሉ ወገግ ብሏል፤ ቢሆነኝ ጸጋዬም ትራሱን አንዴ ወደ ግድግዳው አንዴ ወደ በሩ እያዞረ፥ ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት አገር ነው፥ ሌሊት እንኳ የሌለው፥ ይላል ለራሱ፤ እንደ መጣ ሰሞን ብርዱ ሲገባ ቀን አልነበረውም፥ አሁን ደግሞ ሌሊት የለውም፥ ዴንማርክ ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት አይሆንላትም። ሰው በሰው አገር ብዙ ነገር ይለምዳል። አውቶቡስ በሰዓቱ ሲመጣ አለመገረም ይለምዳል፥ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመት መክረም ይለምዳል፥ እንዴት አደርክ የሚለው ሳይኖር ማደር ይለምዳል፤ እንቅልፍ ግን እንደ በሬ ነው፥ ያደገበትን በረት ካላገኘ ቆሞ ያድራል። ሲነጋ እናቱ በስልክ ትመጣለች። አንድ ቃል ነው የምትጠብቀው፥ ድኛለሁ የሚል፤ ያንን ቃል ከራሱ አፍ ካልሰማሁ ከጸበሉ አልወጣም ብላለች፤ ጋይንት ደግሞ ሰኔ ገብቷል፥ ውሃው አጥንት ይሰብራል፥ እሷም ልጅ አይደለችም። ችግሩ፥ ቢሆነኝ አልታመመም። ቢያንስ እስካሁን ለራሱ የሚነግረው እንደዚያ ነው።

ነገሩን ያበላሸው ራሱ ነው፥ በገዛ አፉ። ባሕር ዳር ምህንድስና ተምሮ፥ እዚህ መጥቶ የታዳሽ ኃይል ትምህርቱን ጨርሶ፥ ስንት ቦታ አመልክቶ፥ ስንት ቦታ «እናመሰግናለን፥ ነገር ግን» የሚል መልስ ተቀብሎ፥ በመጨረሻ ባሕር ውስጥ የተተከሉ የነፋስ ተርባይኖችን የሚንከባከብ ድርጅት ለሙከራ ወሰደው፤ በዚያው ዕለት ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ወደቡ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ አገር ቤት ደወለ። ነፋሱ ኮፍያውን ይነጥቀዋል፥ ስልኩ ውስጥ እየገባ ያጓራል። እናቱ ውብነሽ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ካለው መንደራቸው፥ ኔትወርክ ከሚገኝበት ጉብታ ላይ ቆማ፥ «ሀሎ! ሀሎ! ቢሆነኝ! ምነው ድምፅህ? ምን ሆነህ ነው?» ትላለች፤ እሱም ሊያበስራት በሙሉ ጉሮሮው «የነፋስ ሥራ ነው እማዬ! የነፋስ ሥራ!» ይላል፤ ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ፤ ቀጥሎም አገሩ በሙሉ ኔትወርክ አጣ፥ ሳምንት ሳምንትን ወለደ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው። በጋይንት ነፋስ የሚሠራው ሥራ በሁለት ይተረጎማል፤ አንድም አውድማ ላይ እብቁን ከምርቱ ይለያል፤ አንድም ሰው ይለክፋል፥ የለከፈውን እንቅልፍ ይነሳዋል፥ መልኩን ያጠቁረዋል፥ ብቻውን ያስወራዋል። ወቅቱ የአውድማ አልነበረምና እናቱ ሁለተኛውን ትርጓሜ ያዘች አሉ።

ለእሱ ግን ነፋስ ሦስተኛ ትርጓሜ አለው፥ እንጀራ ነው። ለቃለ መጠይቅ የተቀመጡት ሰዎች ለምን ነፋስን መረጥክ ብለው ሲጠይቁት ያጠናው ሁሉ ከራሱ ላይ በረረና «ያደግኩበት አገር ከተማ ስሟ ንፋስ መውጫ ነው፤ ነፋስ የሚወጣባት ማለት ነው» አላቸው፤ ሳቁ፥ ደስ አላቸው፤ አለቃው የሚሆነው ኬልድ የሚባለው ሽበታም ሰውዬ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «እንግዲያ እኛ ዘንድ የሚመጣው ነፋስ ከእናንተ የወጣው ነዋ» አለ። ሥራውን ያገኘው በዚያች ቃል ነው ብሎ ያምናል። ሌሊት ሌሊት ግን ያቺው ቃል ተመልሳ ትመጣበታለች። የከተማዋን ስም ሰጥቶ ወንበር የለወጠባት ይመስለዋል፤ ያቺ ከተማ እኮ ነፋሷን ታቅፋ መብራት ትጠብቃለች፥ መብራት ሲሄድ ባጃጁ በራሱ ብርሃን መንገዱን እየዳበሰ ይሄዳል፥ ወፍጮው ቆሞ ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ፥ እሱም ተምሬ እመጣለሁ ብሎ ነበር የወጣው፥ ለእናቱ ነው ያላት፥ መናኸሪያው በር ላይ፥ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። መውጫ ነው ስሟ፥ መመለሻ የሚባል ከተማ ማን ሰምቶ ያውቃል ይላል ለራሱ፥ ይስቃል፥ ሳቁ ደረቱ ላይ ይቀራል። እንደገና ወደ ግድግዳው ይዞራል።

ወሬውን ያመጣችው ታናሽ እህቱ እድላዊት ናት፥ ከትናንት በስቲያ፥ ኔትወርኩ እንደ ተመለሰ። ንፋስ መውጫ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፥ ነገር ማሽሞንሞን የማታውቅ ልጅ ናት። መጀመሪያ ሳቀች፤ «ወንድምዓለም፥ ነፋስ ለክፎሃል አሉ፥ እውነት ነው?» አለችው፤ ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና «እማዬ ላንተ ብላ ጸበል ገብታለች» አለችው። ቤተ ልሔም ነው የገባችው፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወረድ ብሎ ካለው ውሃ፤ ጠዋት ጠዋት ትጠመቃለች፥ ቀን ትጾማለች፥ ማታ ከጸበልተኞቹ መጠለያ ሣር ጎዝጉዛ ትተኛለች። አጥማቂው አባ ኪዳን መጀመሪያ አይሆንም ብለዋት ነበር። «በሰው ፈንታ አይጠመቁም፤ የታመመው ራሱ ይምጣ» ቢሏት፥ «አባ፥ በሆዴ ሳለ እኔ በልቼ አልነበረም እንዴ እሱ የሚጠግበው? አሁንም እኔ ልጠመቅ፥ እሱ ይዳን» አለቻቸው፤ አባም መስቀላቸውን አውጥተው «በይ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ» አሉ።

«ታዲያ አልነገርሻትም? ሥራ ነው አላልሻትም?» አለ ቢሆነኝ።

«ነገርኳት እንጂ! ነፋስ የሚያዞረው ሞተር ነው፥ መብራት ያወጣል፥ ደመወዝ ይከፍሉታል ብዬ። አውቃለሁ ትለኛለች። አውቃለሁ ትልና ተመልሳ ትገባለች። ሳል ጀምሯታል፥ ወንድምዓለም። ግትርነቷን ታውቀው የለ? ከነገ ወዲያ ጠዋት ስልኬን ይዤላት እወርዳለሁ፤ አንተ ብቻ ድኛለሁ በላት፥ በቃ። እንቅልፉ ከተመለሰለት እወጣለሁ ብላለች።»

እንቅልፉ። ቢሆነኝ እንቅልፍ ማጣቱን ለማንም አልነገረም ነበር፥ ለእድላዊትም፥ ለኬልድም፥ እውነቱን ለመናገር ለራሱም። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል እንደ ጥርስ ውስጥ ሥጋ በምላሱ ይነካካታል፥ ማን ነገራት፥ ማን ሊነግራት ይችላል።

ዓይኑን ይጨፍናል። ብርሃኑ በዓይኑ ቆብ አልፎ ቀይ ሆኖ ይገባል፥ ቀዩ ቀስ እያለ ቢጫ ይሆናል፥ ቢጫው ገለባ ይሆናል፥ ገለባው አውድማ። ታኅሣሥ ነው፤ ገብሱ ተበራይቷል፥ በሬዎቹ ተፈትተዋል፥ አባቱ መንሹን ተደግፎ ነፋስ ይጠብቃል። አባቱ ጸጋዬ ከሞተ ቆይቷል፥ ግን አውድማ ላይ ማን ይሞታል፤ እፍኝ እብቅ ያነሳና ወደ ላይ ይለቃል፥ ወዴት እንደሚሄድ ያያል፥ ከዚያ መንሹን ይሰዳል፤ ባለ ሦስት ጣቱ መንሽ ወደ ሰማይ ይወጣል፥ ይወርዳል፥ ይወጣል፥ ይወርዳል፥ ገለባው ይሄዳል፥ ምርቱ እግሩ ሥር ይቀራል፤ ቢሆነኝ ቀና ብሎ ሲያይ መንሹ ነጭ ነው፥ እጀታው ባሕር ውስጥ ተተክሏል፥ ሦስቱ ጣቶች ቀስ ብለው ይዞራሉ፥ አባቱም ብርቱካናማውን የባሕር ጃኬት ለብሶ ከሥሩ ቆሞ «ዛሬስ ደህና ነፋስ መጣልን» ይላል። አባዬ ዋና አትችልም እኮ ይለዋል ቢሆነኝ፥ አባቱ አይሰማውም፥ ማዝራቱን ይቀጥላል። ማታ ሲሆን ምርቱን ሰውም አውሬም እንዳይነካው አውድማው ላይ ይታደራል፥ አባትና ልጅ ብቻ፤ ገለባው ውስጥ ጎድጎድ አድርጎ ይገባል፥ ጋቢ ይደርባል፥ ነፋሱ በላዩ ያልፋል፥ ሳይነካው ያልፋል፥ ወደ ሰዴ ሜዳ ይሁን ወደ ገደሉ ማን ያውቃል፥ ይሄዳል። «ዛሬ እኔ ልጠብቅ አባዬ» ሲል አባቱ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ «አንተ ተኛ፤ እኔ አለሁ» ይለዋል። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም። የገለባው ሙቀት ይመስለው ነበር፥ አሁን ሲያስበው ነቅቶ የሚጠብቅለት ሰው ስለነበረ ነው።

ዓይኑን ይገልጣል። መስኮቱ እንዳለ ነው።

የዚህ አገር ሰዎችስ መጠየቁን ይጠይቃሉ። ድርጅቱ ስልኩ ላይ የጫነለት አፕ አለ፤ ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው ሁሉ ጠዋት ላይ ደወል ይሰማና አንድ ጥያቄ ይመጣለታል፤ ደህና ተኝተሃል? አዎ፥ ወይም አይ። መጀመሪያ ቀን ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ፥ እንዴት አደርክ ያሉት መስሎት፤ ኋላ ነው የገባው፥ ያልተኛ ሰው የተርባይኑ ማማ ላይ አይወጣም፥ ሕጉ ነው። ኬልድ አስረድቶታል። «አይ ብትል የሚቆጣህ የለም፤ ማማው የትም አይሄድም» ብሎታል፤ ቢሆነኝ ግን አላመነውም፥ አለቃ ለስለስ ብሎ ሲናገር ደብዳቤ እያስጻፈ ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው፥ ለዚያውም ሙከራ ላይ ያለ፥ የመኖሪያ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የተሰፋ፥ እንዲህ ያለ ሰው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ይናገራል? አዎን ይጫናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ፤ በየጠዋቱ አዎን ይጫናል፥ ቡና በላይ በላዩ ይጠጣል፥ ጀልባዋ ላይ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ከኬልድ ጋር ማማው አናት ላይ ናቸው፥ ባሕሩ ከሥር ግራጫ ነው፥ ማማው እንደ ጠገበ ሰው ወዝወዝ ይላል፥ ቢሆነኝም የደህንነት ገመዱን ከቀለበቱ ሳያያይዝ አንድ እርምጃ ሊራመድ እግሩን ያነሳል፤ ገለባ መስሎት ነበር፥ ከሥር ገለባ ያለ መስሎት፤ ኬልድ ከኋላ ጃኬቱን ጨምድዶ ያዘው። አልጮኸበትም። ገመዱን ራሱ አያያዘለትና ዓይኑን ትክ ብሎ አየው፥ ቢሆነኝም ዓይኑን ወደ ባሕሩ አሸሸ። ዛሬ ጠዋት የሙከራው የመጨረሻ መውጫ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ወይ ቋሚ ይሆናል ወይ ሻንጣውን ያነሳል። እሱ ቢወድቅ ግን፥ ከዚያ ከፍታ ላይ ቢወድቅ፥ ለእናቱ ማን ምን ብሎ ይነግራታል? የነፋስ ሥራ ነው ይሏታል። እሷም ትስማማለች።

ድኛለሁ ይላል ለጣሪያው፥ ይለማመዳል። ድኛለሁ እማዬ፥ እንቅልፉም ተመልሷል። ደግሞ ሞቅ አድርጎ፤ ኧረ ድኛለሁ! ውሸት ነው፥ ቢሆንም ለጽድቅ የቀረበ ውሸት ነው፥ እሷን ከውሃ ያወጣል፥ ሳሏን ያቆማል፥ ሰው ለእናቱ ሲል ከዚህ የባሰ ይዋሻል። ግን ጸበል ዳር ቆማ የምትጠይቅን ሴት እንዴት ይዋሻል፥ ስሙ እየተጠራ ውሃ የሚፈስባትን፤ ለስልኩስ ዋሽቷል፥ ለኬልድም ዋሽቷል፥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፥ እሷንም ከዋሸ እውነቱን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አይኖርም፥ ያኔ ብቻውን ይቀራል፥ አሁን ካለበትም ብሶ። ያንን ሲያስብ ፈራ። ወንድ ልጅ ነኝ ሳይል፥ መሐንዲስ ነኝ ሳይል፥ ጉልበቱን አቅፎ ፈራ።

ስልኩ ጮኸ፥ ወዲያው ተቋረጠ፤ የእድላዊት ምልክት ናት። መልሶ ደወለ። መጀመሪያ መንሾካሾክ ተሰማ፥ «በዚህ በኩል ያዢው እማዬ፥ ገልብጠሽዋል»፤ ከሩቅ የአብነት ተማሪዎች ዜማ ሲቀጽሉ፤ ከዚያ ሳል።

«ቢሆነኝ?»

«እማዬ። እንዴት አደርሽ?»

«እግዜር ይመስገን። አንተ እንዴት አደርክ፥ ሆዴ?»

ሌሊቱን ሙሉ ያጠናው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «ድኛ…» አለ። የቀረው አልወጣም።

«እማዬ፥ እኔ እኮ አልታመምኩም። ያን ዕለት የነፋስ ሥራ ያልኩሽ…»

«ሥራ መያዝህን ነው። ያንኑ ቀን ገብቶኛል። ደንቆሮ አልወለደህም እኮ!»

ቢሆነኝ አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። «ታዲያ ለምን ጸበል ገባሽ?»

«ድምፅህን ሰምቼ ነዋ። ሥራ ያዝኩ የሚል ሰው ድምፁ እንዲያ ነው? ብሥራቱን ትጮህልኛለህ፥ ድምፅህ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው። ሕፃን ሳለህም እንዲሁ ነበርክ፤ እንቅልፍ ሲነሳህ ትስቅ ትስቅና ነው የምታለቅሰው። እድላዊት ሞተር ነው፥ መብራት ነው ትለኛለች፤ ይሁን፥ ሞተሩን ማን ጠላ። እኔ የጠየቅሁት ልጄን ነው።» ሳለች። «በል አሁን ንገረኝ፥ አትፍራኝ። ትተኛለህ?»

«አልተኛም እማዬ» አለ። አንዴ ካለው በኋላ ቀላል ሆነለት፤ እንባው እየወረደ ደገመው። «አልተኛም። ከመጣሁ ጀምሮ ደህና አልተኛሁም። እዚህ ማንም የለም። እመጣለሁ ብዬሽ አልመጣሁም፥ መቼ እንደምመጣም አላውቅም፥ እሱን ሳስብ ነው የሚነጋው።»

ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ይኸው ነበር?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የጠፋ ከብቷን እንዳገኘች ሴት ነው የምትተነፍሰው። «መምጣቱን እግዜር ባለው ቀን ትመጣለህ። አሁን ተኛ።»

«አሁን?»

«አሁን እንጂ! ልጄ ሲተኛ እወጣለሁ ብዬ ለአባ ኪዳን ነግሬያለሁ፥ ልታሳፍረኝ ነው? ከውሃው ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ተቀምጫለሁ፥ እድላዊት ጋቢ ደርባልኛለች። ስልኩን አትዝጋው። አንተ ተኛ፤ እኔ አለሁ።»

«እማዬ፥ ባትሪው…»

«ወንድምዓለም፥ ባትሪው አያልቅም» አለች እድላዊት ከጎን ገብታ። «አንተ በሰቀልከው ሶላር ነው የሞላሁት። ጸበልተኛው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚሰካው፤ ደመናም ቢሆን አላሳፈረንም።»

ረስቶት ነበር። ባሕር ዳር ሳለ በመጨረሻው ዓመት ዕረፍቱ የጸበልተኞቹ መጠለያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የገጠማት ትንሽ ሶላር፤ የመጀመሪያ ሥራው ያቺ ናት፥ ማንም ሳይቀጥረው፥ ማንም ለምን መረጥክ ብሎ ሳይጠይቀው፥ እናቱ ከታች መሰላሉን ይዛለት «ቀስ በል» እያለች የሠራት። ለቃለ መጠይቁ ሰዎች እሷን አልነገራቸውም። ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጠና ጎኑን አሳረፈ።

እናቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጸልያለች፥ ቃሉ አይለይም። ከጸሎቷ ሥር ተማሪዎቹ አሉ፥ ከተማሪዎቹ ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ፥ የጋይንት ነፋስ፥ ስልኩን ሽው እያለ የሚያልፈው። መጀመሪያ ፍጥነቱን ሊገምት ሞከረ፥ ሙያው ነውና፤ ከዚያ ተወው። ለማዝራት የሚበቃ ነፋስ ነው። አባቱ እፍኝ እብቅ ወደ ላይ ይለቃል፥ መንሹ ይወጣል፥ ይወርዳል፥ ምርቱ እግሩ ሥር ይቀራል፥ ገለባው ይሞቃል፥ አንድ ሰው ነቅቷል፥ ብርሃኑ በመስኮቱ ይገባል፥ ይግባ።

ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ትራሱ ላይ ደወል አሰማ፤ ደህና ተኝተሃል? አዎ፥ ወይም አይ። የመለሰለት የለም። ደገመና ደወለ። ከዚያ ማዶ፥ ቤተ ልሔም፥ ድንጋዩ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ የተቀመጠችው ሴት ደወሉን በስልኩ ውስጥ ሰማችና፥ የማን እንደሆነ ባታውቅም፥ ቆጣ ብላ «ዝም በሉ እናንተ፤ ልጄ ተኝቷል» አለች።